በጣት የሚሸፈን ቃል

ደብተሩ ባለ 50 ሉክ ነው። ሽፋኑ በጋዜጣ ተለብጦ ከላይ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ባለቤቱ የሰርቦ ልጅ ናት፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ። ሰርቦ ከጅማ በስተምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ በሚመጣው አስፋልት ላይ የተሰለፈች የቀርሳ ወረዳ ከተማ ናት፤ ብዙ መንገደኛ ከመኪና ሳይወርድ ያልፋታል። ደብተሩ የእንግሊዝኛ ቃላት ደብተር ነው። የዚህ ዓይነቱ በአገሩ ሞልቷል። አብዛኛው በግራ ቃል፣ በቀኝ ፍቺ ተደርድሮበት ለፈተና ይሸመደድና በፈተናው ማግስት ይረሳል። ይህኛው የፍቺ ዓምድ የለውም። ቃሉ ይጻፋል፤ ከሥሩ አረፍተ ነገር ይከተላል፤ አረፍተ ነገሩ ይሰረዛል፤ ሌላ ይጻፋል። ከተጻፈው የተሰረዘው ይበልጣል።

«ሪላክታንት» የሚለው ቃል ያለበትን ገጽ እንይ። ሁሉም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ የሚጠናውን ቃል ብቻ እንዳለ ትቼ ሌላውን ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ። የመጀመሪያው «እኔ ሪላክታንት ነኝ» ይላል። ተሰርዟል። ሁለተኛው «አባቴ ለመሸጥ ሪላክታንት ነው» ይላል። እሱም ተሰርዟል፤ ስረዛው ግን ቀጠን ያለ ነው፣ ልቧ ያመነታ ይመስላል። ሦስተኛው ተርፏል፦ «ዋጋው ነገ ይጨምራል ሲባል ስለሰማ አባቴ ጀንፈሉን ዛሬ ለመሸጥ ሪላክታንት ነው፤ እናቴ ግን የትምህርት ቤት ክፍያ እያስታወሰችው ነው።» ጀንፈል ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና ነው።

ቃሉን በጣት ሸፍናችሁ ሦስቱን እንደገና አንብቡ። የመጀመሪያው ላይ የፈለጋችሁት ይገባል፤ ደክሞኛል፣ ደስ ብሎኛል፣ ርቦኛል። አረፍተ ነገሩ ለቃሉ ምንም አልሠራለትም። ሁለተኛው ላይ ቦታው ጠበብ ይላል፤ «ዝግጁ» ግን አሁንም ይገባል፣ «ዝግጁ» ደግሞ የቃሉ ተቃራኒ ነው። ሦስተኛው ላይ በሩ ይዘጋል። ሰውዬው ለምን እንደሚያመነታ ተነግሯል። እምቢ እንዳላለም ታውቋል፣ ምክንያቱም እናትየው ገና እየወተወተች ነው፤ ቁርጡን የተናገረ ሰው አይወተወትም። «ዛሬ» የምትለዋ ትንሽ ቃል ትልቁን ሸክም ይዛለች። እሷን ብታወጧት አባትየው ጭራሽ መሸጥ የማይፈልግ ሰው ይሆናል፤ ያን ጊዜ ቃሉ ሪላክታንት መሆኑ ይቀርና ሌላ ይሆናል። ከቃሉ ቀጥላ የምትመጣዋ «ቱ» ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮባታል። ቃሉ ብቻውን አይሄድም፤ ከኋላው «ቱ» እና ግሥ ይከተሉታል። ተማሪዋ ይህን በሕግ መልክ አልጻፈችውም፤ አስምራ አለፈች።

ጥሩ ምሳሌ አረፍተ ነገር እንደ ጅማ በርጩማ ነው፤ ሳይሰካ፣ ሳይቸነከር፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ። የትኛውም እግሩ ትርፍ አይደለም።

ቃልን በአረፍተ ነገር የማሳየት ሙያ የረጅም ጊዜ ባለቤቶች አሉት፤ ከእነሱም ታላቁ ከእኛ አገር ጋር ሳይታሰብ የተዛመደ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱን እ.ኤ.አ. በ1755 ሲያወጣ ከ40 ሺህ የሚበልጡ ቃላትን ከ110 ሺህ በላይ በሚሆኑ ጥቅሶች አስደግፎ ነበር። ከዚያ 20 ዓመት ቀደም ብሎ በ1735 ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ግን ጄሮኒሞ ሎቦ የተባለው ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው የጉዞ ታሪክ ትርጉም ነው፤ ከፈረንሳይኛ መልሶት። በ1759 ደግሞ «ራሴላስ» የተሰኘ፣ የአቢሲኒያ ልዑል ዋና ባለታሪኩ የሆነበት ልብ ወለድ ጻፈ፤ እሱንም ሲራክ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ጆንሰን ኢትዮጵያን አይቷት አያውቅም። ቃል ብቻውን ሲቆም ትርጉሙ እንደሚንሸራተት ግን ገብቶታል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን በታላላቅ ደራስያን አረፍተ ነገር ውስጥ አስቀምጦ አሳየ። ጉድለቱ ጥቅሶቹ ለለማጅ የተሠሩ አለመሆናቸው ነው። ከባድ ቃል ለመረዳት ከዚያ የከበደ አረፍተ ነገር መግፋት ይጠይቃሉ።

ለለማጅ የሚሆነውን የሠራው ኤ. ኤስ. ሆርንቢ ነው። ጃፓን ውስጥ እንግሊዝኛ ሲያስተምር ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው መዝገበ ቃላት መጀመሪያ በ1942 ቶኪዮ ታተመ፤ በ1948 ኦክስፎርድ አወጣው። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ላይብረሪ ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር የተጣበቀው ወፍራም ኦክስፎርድ ዲክሽነሪ የእሱ ዘር ነው። ሆርንቢ አረፍተ ነገሮቹን ራሱ ይሠራቸው ነበር፤ አጭር፣ ንጹሕ፣ ግሡ ምን እንደሚያስከትል የሚያሳዩ። ከቶኪዮው እትም 45 ዓመት በኋላ በ1987 የበርሚንግሃሙ ጆን ሲንክለር ኮቢልድ የተባለውን መዝገበ ቃላት አውጥቶ ይህን አካሄድ ተቃወመ። ምሳሌ መፈብረክ የለበትም፤ ሰው በእውነት ከተናገረውና ከጻፈው በኮምፒውተር ከተከማቸ ጽሑፍ መውጣት አለበት ብሎ። ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም። እኔ ከሆርንቢ ጋር ነኝ። ከመንገድ የተለቀመ አረፍተ ነገር እውነተኛ ነው፤ ግን ተናጋሪው ለቃሉ ብሎ አልተናገረውም፤ ስለ ሌላ ጉዳይ ሲያወራ ቃሉ በመሃል አለፈ እንጂ። የተሠራ አረፍተ ነገር ግን በጥንቃቄ ከተሠራ ሁሉም ክፍሉ ወደ አንዱ ቃል ያዘነብላል። የሰርቦዋ ደብተር የሆርንቢ ወገን ናት፤ ባለቤቷ ስሙን ሰምታው ባታውቅም።

በአማርኛ በኩል ይህ ሙያ የደረሰበትን ለማየት ወደ 1973 እንመለስ፤ አሁንም በፈረንጅ አቆጣጠር። በዚያ አንድ ዓመት ሁለት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ወጡ። አንዱ አምሳሉ አክሊሉ እና ጂ. ፒ. ሞስባክ ያዘጋጁት፣ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አዲስ አበባ ላይ ያሳተመው ነው። ሌላው ወልፍ ሌስላው ያዘጋጁት፣ ጀርመን አገር ቪስባደን ላይ በኦቶ ሃራሶቪትስ የታተመው፣ በስሙ ላይ «ዐውድ» የሚል ቃል የተሸከመው ነው።

የአምሳሉና የሞስባክ መጽሐፍ ውበት በመቆጠቡ ነው። ተማሪ ክፍል ውስጥ ገልጦ፣ አንብቦ፣ ዘግቶ ወደ ሥራው እንዲመለስ የታሰበ ነው። አምሳሉ ለአማርኛ ጆሮ የነበራቸው ሰው ናቸው፤ ከዳኛቸው ወርቁ ጋር የአማርኛ ፈሊጦችን ሰብስበዋል፤ ስለዚህ ፍቺው ቃል በቃል የተገለበጠ ሳይሆን አማርኛ ተናጋሪ የሚለው ነው። ብዙ ተማሪ ለማትሪክ ያጠናው እሱን ይዞ ነው።

ሌስላው ግን ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ነበራቸው። በ1906 ፖላንድ ተወለዱ። ፓሪስ ውስጥ ከማርሴል ኮኸን ዘንድ የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ተማሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ካምፕ ታጎሩ፤ አምልጠው አሜሪካ ገቡ፤ በ1946 ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያን ረገጡ። ከዚያ በኋላ ሐረሪን፣ የጉራጌን ቋንቋዎችና አርጎብኛን እየዞሩ መዘገቡ፤ ሊጠፋ የተቃረበውን ጋፋትኛን የሚናገሩ አራት ሰዎች ጎጃም ውስጥ ፈልገው አገኙ። በ2006 ያረፉት በመቶ ዓመታቸው ነው። የዐውዱ መዝገበ ቃላት ከ1,500 ገጽ በላይ ነው። እንዲህ የወፈረው ቃል ስለበዛበት ብቻ አይደለም፤ ሌስላው ቃሉን በአረፍተ ነገር ውስጥ አስገብተው አማርኛውን በዚያው አረፍተ ነገር ልክ ስለሚሰጡ ነው።

ይህ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ለመገመት «ብሬክ» የምትለዋን ቀላል ቃል እንያዝ፤ ምሳሌው የራሴ ነው። ፍቺው «ሰበረ» ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እንግዲያው ገመዱን ሰበረው ልንል ነው? ዱላ ይሰበራል፣ ገመድ ይበጠሳል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ሕግ ይጣሳል፣ ውል ይፈርሳል፣ ጾም ይገደፋል፤ ሰርቦ ላይ በረመዳን ምሽት ከሆነ ደግሞ ይፈጠራል። እንግሊዝኛው አንድ ነው። አማርኛው ግን የሚሰበረውን ነገር ሳያይ ግሥ አይመርጥም፤ የሚያሳየው ደግሞ አረፍተ ነገሩ ነው። አሁን ይህንን በ1,500 ገጽ አባዙት። አንባቢ ቃሉን ሲፈልግ የሚያገኘው አንድ መልስ አይደለም፤ ማን፣ ምንን፣ በምን ሁኔታ እንደሆነ ተጠይቆ የተመለሰ መልስ ነው። ይህን ያህል ጥያቄ የጠየቀ ሰው ለአማርኛ ያለው አክብሮት ከገጹ ይነበባል።

እንዲህ ያለ ሥራ ለእኛ እንግዳ አይደለም ብዬ አስባለሁ። የቅኔ ቤት ተማሪ ግሥ ይቆጥራል፤ ግሥ በመቁጠር ብቻ ግን ባለቅኔ አይሆንም። ያገኘውን ቃል በጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ውስጥ አስገብቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ካልጣማቸው ያርሙታል፤ ቃሉ ቦታው ካልሆነ ቅኔው ይፈርሳል። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ያለው መወድስ እስኪደርስ ድረስ የተማሪው ሥራ ይኸው ነው፤ ቃል ማግኘት፣ ቃል ማስቀመጥ። በሰርቦ አካባቢ የቆየው ትምህርት ቤት ግን ቅኔ ቤት ሳይሆን ቁርኣን ቤት ነው። እዚያ ልጁ ትምህርቱን በእንጨት ሉሕ ላይ ጽፎ በቃሉ ይይዛል፤ ሲይዝ ሉሑ ታጥቦ ሌላ ይጻፍበታል። የኛዋ ተማሪ ደብተር ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ አለባት፤ ትጽፋለች፣ ታጠፋለች፣ እንደገና ታስቀምጣለች።

የእሷን ሥራ ከሌስላው አንባቢ ሥራ የሚያከብደው ሦስተኛ ቋንቋ መኖሩ ነው። አፏን የፈታችው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ እስከ 8ኛ ክፍልም የተማረችው በእሱ ነው። 9ኛ ክፍል ስትገባ ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም፣ ሒሳቡም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ሆነባት። ከዚያ በፊት እንግሊዝኛ አንድ የትምህርት ዓይነት ነበር፤ አሁን የሁሉም በር ሆነ። አማርኛዋ በአብዛኛው ከጎረቤት፣ ከገበያና ከቴሌቪዥን የመጣ ነው። ለእንግሊዝኛ ቃል የምትገልጠው መዝገበ ቃላት በአማርኛ ሲመልስላት መልሱን እንደገና ወደ አፋን ኦሮሞ ትመልሰዋለች። በየእርምጃው አንድ ነገር ይንጠባጠባል። የፍቺ ዓምድ የተወችው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ አረፍተ ነገሩ ስለ ጀንፈልና ስለ አባቷ ሲሆን በየትኛው ቋንቋ እንዳሰበችው ለውጥ አያመጣም።

ፊደሉም ራሱ ወጥመድ አለው። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ የሚጻፍበት ቁቤ የላቲን ፊደል ነው፤ ከእንግሊዝኛ ጋር መልኩ አንድ ነው፣ ድምፁ ግን አይደለም። ቁቤ ላይ «ሲ» ለብቻዋ ስትቆም «ጭ» ናት፤ «ኤክስ» ደግሞ «ጥ»፤ «ፒ» እና «ኤች» ተከታትለው ሲመጡ «ጵ»። ስለዚህ የሰርቦ ልጅ የማታውቀው የእንግሊዝኛ ቃል ሲገጥማት ፊደሉን እያወቀችው ትሳሳታለች፤ የአዲስ አበባ ልጅ ግን ፊደሉን ከእንግሊዝኛ ጋር ስለተማረችው ይህ አይገጥማትም። ደብተሩ ላይ በእነዚህ ፊደሎች ዙሪያ በእርሳስ የተሠራች ትንሽ ክብ አለች። ክቡ የሚሳለው ሊያሳስት የሚችለው ፊደል ላይ ብቻ ነው። «ኤግዛክት» የሚለው ቃል ላይ ሁለት ክብ አለ፤ «ሪላክታንት» ላይ አንድ፤ «ዪልድ» ላይ የለም። ለእይታ ምንም ነው፤ ግን ሠሪዋ እጇ የት እንደሚሰናከል አውቃለች ማለት ነው።

የትኛውን ቃል እንደመረጠችም ማየት ያስፈልጋል። «አድቫንስድ ቮካቡላሪ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሲናገሩት አፍ የሚሞላውን፣ ሰሚን የሚያስደነግጠውን ነው። ለፈተናና ለንባብ የሚያስቸግረው ግን ሌላ ነው። ኒውዚላንዳዊቷ አቨሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦችን ይዟል፤ በትምህርት ጽሑፎች ውስጥ ከሚመጣው ቃል ወደ 10 ከመቶ የሚሆነውን የሚሸፍኑት እነሱ ናቸው። «ፎቶሲንተሲስ» ከእነዚህ አይደለም። እሱን መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሥሎ ያስረዳል፣ መጽሐፉም ይተነትነዋል። ማንም የማያስረዳው «ሰስቴይን»፣ «ዲራይቭ»፣ «ኮንሲኩዌንት» የመሰለው ነው፤ በሁሉም ትምህርት ውስጥ ይመጣል፣ በየትኛውም አይብራራም። ደብተሩን የሞላው ይህ ዓይነቱ ነው። መጨረሻው አካባቢ «ፕሌቶራ» እና መሰሎቹ ብቅ ይላሉ፤ የመጡት ከሌላ ሰው የጥያቄ ወረቀት ይመስለኛል። እነዚያ ገጾች ላይ አረፍተ ነገሮቹ ሁሉ ደካማ ናቸው፣ ስረዛም የለባቸውም። ለመሰረዝ ያህል አላሳሰቧትም።

«ዪልድ» ግን ሙሉ ገጽ ወስዷል፤ ሦስት አረፍተ ነገር፣ ለሦስት ትርጉም። «ያረጀ የቡና ተክል ካልተጎነደለ በየዓመቱ ዪልድ የሚያደርገው እየቀነሰ ይሄዳል።» ጉንደላ ለማያውቅ አንባቢ፦ ያረጀውን ቡና ግንዱን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ ቆርጦ አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። ገበሬ የቆረጠ ሰሞን ምርት ያጣል፤ ለዚህ ነው ብዙው ቡናውን ለመጎንደል የሚያመነታው። እዚህ አረፍተ ነገር ውስጥ «እየቀነሰ» የምትለዋ ቃሉን ትጠብቃለች፤ የሚቀንስ ነገር መጠን ያለው ነገር ነውና ሰው ወደ ምርት እንጂ ወደ ሌላ አይሄድም። ሁለተኛው፦ «ወንድሜ ሲጨቀጭቀኝ ውሎ ማታ ዪልድ አደረግኩና ስልኬን ሰጠሁት።» ሦስተኛው፦ «ከመንደር የሚወጣ ባጃጅ በአስፋልቱ ለሚመጣው አይሱዙ ዪልድ ማድረግ አለበት፤ አይሱዙ አይቆምምና።» የመጨረሻዋ ሐረግ ሳቅ ታስነሣለች፤ ግን ጌጥ አይደለችም። ማን ለማን እንደሚያሳልፍ የምትወስነው እሷ ናት።

አማርኛው እዚህ ገጽ ላይ ከ«ብሬክ» ተቃራኒ ይሠራል። ተክሉ ምርት ይሰጣል፣ የተጨቀጨቀው እጅ ይሰጣል፣ ባጃጁ ቅድሚያ ይሰጣል። ሦስቱም «ሰጠ» ናቸው። ተማሪዋ ይህን አላሰፈረችውም፤ በእሷ በኩል አያስፈልግም። እኔ ግን አምሳሉ ይህን ቢያዩ አንዲት መስመር ላይ ይጨርሱት ነበር፣ ሌስላው ደግሞ ሦስት አረፍተ ነገር ይጽፉ ነበር እያልኩ ገጹን ደግሜ አየሁት።

ሁሉም ገጽ እንዲህ የጠበቀ አይደለም። «ሪዘርቭዋር» ላይ አጠገቧ ያለውን የግልገል ግቤን ሐይቅ መጥቀሷ ጥሩ ነው፤ በአሰንዳቦ በኩል አዲስ አበባ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ ግድቡም 184 ሜጋዋት እንደሚያመነጭ ጽፋለች። ግን ቁጥሩ ቃሉን አይረዳውም፤ ውኃው ለምን እንደተጠራቀመ መናገር ይሻል ነበር። «ሚቲጌት» ላይ የተሻለ ሠርታለች፦ «የብርብራና የዋንዛ ጥላ የበጋውን ሐሩር ለቡናው ሚቲጌት ያደርጋል፤ ሐሩሩን ግን አያጠፋውም።» ቃሉ የጉዳትን ስም ወደ ራሱ ይስባል፣ ጉዳቱንም ያለዝባል እንጂ አያስወግድም። ሁለቱንም በአንድ መስመር ይዛዋለች፤ «አያጠፋውም» ላለችበት ቦታ እንደ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ቢከፈላት ደስ ይለኝ ነበር።

የማልስማማበት አንድ ገጽ «ሄንስ» ነው። እሱም ከዚያው ከማይብራራው ወገን ነው፤ በፊዚክስ መጽሐፏ የስሌት መደምደሚያ ላይ ሁሉ ይመጣል። አራት ጊዜ ተጽፎ፣ ሦስት ጊዜ ተሰርዞ፣ መጨረሻ ላይ እንዲህ ሆኗል፦ «ሌሊቱን ዘነበ፤ ሄንስ ቡናው ማድረቂያ አልጋው ላይ በሸራ እንደተሸፈነ ዋለ።» ሰዋስው አልጎደለውም። በጣት ብትሸፍኑትም ቦታው «ስለዚህ» የሚል ቃል እንደሚፈልግ ወዲያው ይገባችኋል። ነገር ግን ይህ እናት ለጎረቤት የምትነግረው ወሬ ነው፣ «ሄንስ» ደግሞ የስሌትና የማስረጃ ቃል ነው፤ ጓሮ ውስጥ ሱፍ ለብሶ ቆሟል። ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ ስለ እርጥበት መጠን የጻፈችው አረፍተ ነገር አለ፤ እዚያ ብታዛውረው ልክ ይገባል። እዚህ ግን «ሶ» በቂ ነበር።